ለሦስት ፎቶ እስከ መካነ ሰላም

ነጋዴ ያለ ትርፍ መንገድ አይወጣም ይባላል። ይህን የምጽፈው ግን ከመካነ ሰላም ወዲያ ካለ ቀበሌ በባዶ እጄ ተመልሼ ነው፤ እዚያ ለማትደርሱ ሰዎች። በዚህ ዘመን በዚያ መስመር ለመጓዝ ከገንዘብ ይልቅ ልብ ያስፈልጋል። እኔም ልቡ ኖሮኝ ሳይሆን እምቢ የምልበት አፍ አጥቼ ነው የሄድኩት።

ደሴ ላይ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ስልክ እሸጣለሁ፣ ስልክ እጠግናለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ የኩታበር ልጅ ነኝ፤ ፎቶሾፕን ያስተማረኝ የሰርግ ካርድና የደንበኛ ጭቅጭቅ ነው። የሞተ አባትን ከሙሽሮች መሃል አቆማለሁ። ተጣልቶ ከሰርጉ የቀረን አጎት አምጥቼ ከዘመድ ጋር አስቀዋለሁ። የሌለውን መጨመር፣ ያለውን ማንሳት፣ እንጀራዬ ይኸው ነው።

የጠራኝ ሸጋው የሚባል የመካነ ሰላም እህል ነጋዴ ነው። ጤፉን ጭኖ ደሴ በመጣ ቁጥር ሱቄ ሳይገባ አይመለስም። የእህቱ ልጅ አያልነሽ አረብ አገር ቤት ሠራተኛ ሆና ከሄደች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ስትሄድ ለኤጀንሲው የሚላከውን ፎቶ ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ይዟት የመጣውም እሱ ራሱ ነበር። አሁን ግን ስምንት ወር ሙሉ ድምጿ አልተሰማም። በዚህ መሃል እዚያው ሕንፃ ላይ ትሠራ የነበረች የአጅባር ልጅ ተመልሳ መጣችና ሸጋውን ፈልጋ አገኘችው። "አያልነሽ ከአራተኛ ፎቅ ወድቃ ሞታለች፤ ሲሸፍኗት በመስኮት አይቻለሁ" አለችው። እሱ ይህን ለእህቱ እንዴት እንደሚነግር ሲጨነቅ፣ አያልነሽን የላካት ደላላ ፎቶ ሰደደ። "ደህና ነች፣ አሠሪዎቿ ስልክ ስለማይፈቅዱላት ነው" ይላል። ከወር በኋላ ሌላ ፎቶ መጣ። ከዚያም ሦስተኛ።

"ሞታለች ከተባለች በኋላ ሦስት ጊዜ ፎቶ ተነስታለች" አለኝ በስልክ። "ሰይዶ፣ እኔ የቱን ልመን?"

"ላክልኝና ልየው።"

"ዳታው ከጠፋ ይኸው አራተኛ ቀኑ። ቢሠራስ፣ ለእህቴ በስልክ የሚነገር ነገር ነው? እሷ ፎቶዎቹን አቅፋ ልጄ አለች ብላ ተቀምጣለች። ልጅቱ ሞታ ከሆነ ደግሞ ፍትሐት አልተደረገላት፣ ለቅሶ አልተቀመጥንላት። ሰው እንደሌላት ቀረች ማለት ነው። ላፕቶፕህን ይዘህ ና።"

በስልክ የሚላክ ፎቶ ተጨምቆ፣ መልኩ ተበልቶ ነው የሚደርሰው፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ መጀመሪያ ከተቀበለው ስልክ ላይ መቅዳት ይሻላል። ሚስቴ ይህን ምክንያት ስነግራት "ዝም ብለህ ልሄድ ነው በል" አለችኝ።

የመጀመሪያው ቀን

መናኸሪያ የደረስኩት ለአሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ቅጥቅጡ የተነሳው ሁለት ተኩል ላይ። ሹፌሩ መንገዱን ሲጠይቅ ነበር። ድሮ መንገድ ይኬድበታል፤ አሁን እንደ ታመመ ሽማግሌ እየተደወለ እንዴት አደሩ ይባላል። ደህና አድሯል ሲባል ተነሳን።

ጉጉፍቱ ላይ ስንወጣ ብርዱ መጣ። እኛ ደሴዎች ብርድ እናውቃለን ብለን እንመጻደቃለን። የደሴ ብርድ ጋቢ ያስለብሳል፤ የዚህኛው የለበስከውን ጋቢ ገፍፎ ይወስዳል። ወሩ ታኅሣሥ ነው፣ ሜዳው በውርጭ አመድ መስሏል። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሼህ ግማሽ ቡልኮአቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉና፣ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁኝ እስከ ኬላው ድረስ ተኙ።

ኬላው ላይ አወረዱን። ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ ላፕቶፑን አወጣ።

"ይሄ ለምንድን ነው?"

"ፎቶ አንሺ ነኝ ወንድሜ።"

"እዚህ ምን ልታነሳ መጣህ?"

"የተነሳ ፎቶ ላይ ልሠራ ነው እንጂ ላነሳ አይደለም።"

መልሱ አልጣመውም። ክፈተው አለ፣ ከፈትኩት። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ሰርግ። አንድ ሙሽራ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ሱፉ የራሱ ነው?"

"አይደለም፣ እኔ ነኝ ያለበስኩት። እሱ የመጣው በሹራብ ነው።"

ስልኩን አወጣና የራሱን ፎቶ አሳየኝ። "እኔንም አልብሰኝ።"

ሠላሳ መንገደኛ ውርጭ ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ እኔ ጭኔ ላይ ላፕቶፕ ዘርግቼ ሰውዬውን ጥቁር ሱፍ አለበስኩት፣ ቀይ ክራባትም ጨመርኩለት። አንዲት ሴትዮ ከኋላ "እሱን ስትድር እኛ ልንቀበር ነው" አለች። ሰዉ ሳቀ። ፈታሹ አልሳቀም። "ክራባቱን ሰማያዊ አድርገው" አለ። አደረግኩት።

"ለእናቴ ነው የምልከው" አለኝ ስልኩን ሲቀበል። "ቢሮ ገብቷል እንድትል።"

በዚህ የተነሳ አቀስታ ስንገባ መሸ፤ ሹፌሩ ከዚህ አልነቃነቅም አለ። ያደርኩበት አልጋ ቤት ብርድ ልብሱ ከእኔ ይልቅ ለቁንጫዎቹ ምቹ ነበር። የቤቱ እመቤት ግን ስንቀጠቀጥ አይታ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ አመጣችልኝ። "እግርህ ሥር አድርገው፣ ለብ ሲል ደግሞ ታጠብበት" አለች። ደሴ ላይ ባለ ኮከብ ሆቴል ስልክ ልጠግን ገብቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያች ጠርሙስ ያለ ነገር አላየሁም።

ሁለተኛው ቀን

መካነ ሰላም የገባነው ለምሳ ነው። ከተማዋ ከደሴ ጋር ስትተያይ እጅጌዋ የተሰበሰበ ነው፤ አንድ ረጅም አስፋልት፣ ግራና ቀኝ ሱቅ፣ ከሱቁ ኋላ ሰማይ። ሸጋው መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። "ስሟን ያወጡላት ሰዎች ዛሬ ቢመጡ ይቅርታ ይጠይቁን ነበር" አለኝ፣ ዝግ ዝግ ያሉትን ሱቆች እያሳየኝ።

የነቢያት ጾም ነበርና ሚስቱ የተልባ ፍትፍት አቀረበች። በልቼ ሳልጨርስ ሸጋው ስልኩን ከሰሃኔ አጠገብ አስቀመጠ። መብራት ሳይሄድ ብሎ ነው፤ አልተቀየምኩትም።

ሦስቱን ፎቶ በገመድ ወደ ላፕቶፑ ቀዳሁ። በአንዱ አያልነሽ ወጥ ቤት ቆማለች። በሁለተኛው ከአንድ ሶፋ ጀርባ ናት። በሦስተኛው በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣለች። ላዩን ሲታዩ ጥሩ ናቸው። የሠራቸው ሰው እጅ አለው፤ ይህን ብክድ ሙያውን መካድ ይሆንብኛል። ግን ጤፍ የሚገዛ ሰው የከረጢቱን አፍ አይቶ አይገዛም፣ እጁን እስከ ታች ይሰዳል። ፎቶም እንደዚያ ነው።

መጀመሪያ ጥላ ጥላውን አፈካሁት። ሰው የሚደብቀውን የሚደብቀው ጨለማ ውስጥ ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ መስኮቱ በቀኝ በኩል ነው፤ የክንዷ ጥላ ወደ ግራ ወድቋል። የአፍንጫዋ ጥላ ግን ወደ ቀኝ ነው። ለአንዲት ሴት ሁለት ፀሐይ አይወጣላትም። ቀጥዬ አገጯን አጎላሁት። አንገቷ ላይ ምስሉ እንደ ሽሮ ዱቄት ሻካራ ነው፣ ከአገጯ በላይ እንደ ቅቤ ልስልስ ያለ። ሁለቱን አንድ ካሜራ አላነሳቸውም። በመጨረሻ ሦስቱን ፊቶች ቆርጬ አንዱን በሌላው ላይ ደረብኩና የላይኛውን አሳሳሁት። ሦስት ወር፣ ሦስት ቦታ፣ ሦስት ልብስ፤ የቅንድቧ ፀጉር እንኳ ሳይዛነፍ ገጠመ።

"ሰው በሦስት ወር አንዴ እንኳ ቀና ደፋ ይላል" አልኩት ሸጋውን። "ይሄ አንድ ፊት ነው። ሦስት ቦታ የተለጠፈ።"

"ከየት አምጥተው?"

ይህን ለማወቅ ግንባሯን አጎላሁት፤ እዚያ ላይ እጄ ቆመ። አያልነሽ ግራ ጉንጯ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለቻት። ያቺው ነጥብ፣ ያው ቅርጿ፣ ግንባሯ መሃል ላይም አለች። አንድ ሰው ከጉንጯ ቆዳ ቀድቶ ግንባሯ ላይ ሲለጥፍ ነጥቧ አብራ እንደሄደች ልብ አላለም። ልብ ያላለው ሰው እኔ ነኝ።

ለማያውቅ ልናገር። የእኛ አገር የክርስቲያን ልጅ ግንባሯ ላይ መስቀል ትነቀሳለች። ደላሎቹ ደግሞ ወደዚያ የምትሄድ ልጅ የእስላም ስም ይኑራት ይላሉ፣ ቶሎ ቤት ታገኛለች ብለው። አያልነሽ በወረቀት ሀያት ሆነች። ሀያት የምትባል ልጅ ደግሞ ግንባሯ ላይ መስቀል ይዛ ፎቶ አትነሳም። ስለዚህ እኔ ጋ ያመጧቸውና "አጥፋው" ይሉኛል። አጠፋለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እዚያ ሲደርሱ ሻሻቸውን ዝቅ አድርገው ይሸፍኑታል እንጂ ንቅሳቱስ ያለበት ነው፤ የሰው ቆዳ በፎቶሾፕ አይጠፋም። እስላም ሆኜ የስንቷን መስቀል እንዳነሳሁ አላውቅም። ጠይቆኝ የሚያውቅ ስላልነበረ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

"ፊቱ ከእኔ ሱቅ የወጣው ነው" አልኩት። "ለኤጀንሲው የሠራሁላት። ደላላው እጅ ያለው እሱ ነው።"

ሸጋው ገመዱን ከስልኩ ነቀለ። "ሞታለች ማለት ነው።"

"ፎቶ ሞት አያሳይም ሸጋው። ያሳየኝ ውሸቱን ነው።"

"አንተ ነጋዴ ነህ። በሬው በረት ቆሞ ሳለ የበሬውን ሥዕል የሚያሳይህ ሰው ገጥሞህ ያውቃል?"

አልገጠመኝም። በሕይወት ብትኖር ለደላላው አንዴ ስልክ ደግኖ ማንሳት ይበቃው ነበር። ለምን እንደደከመም ሸጋው ነገረኝ፤ ደላላው ከእህቱ ቀበሌ ብዙ ልጅ ልኳል፣ አንዷ ሞተች ከተባለ እናቶች ሁሉ ይነሱበታል፣ ነገሩም ወደ ሕግ ይሄዳል። በሦስት ፎቶ አፋቸውን ዘጋ።

"ነገ ፎቶው የውሸት ነው በልልኝ" አለኝ። "የመስቀሉን ነገር ግን እንዳታነሳው። ስሟን እንደለወጥን፣ ግንባሯን እንዳስጠፋን እህቴ አታውቅም። ደላላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።"

እሺ አልኩት። እሺ ማለቱ ለእኔም ይመቸኝ ነበር።

ሦስተኛው ቀን

እህቱ እትዬ ጥሩወርቅ የሚኖሩት ከከተማው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ መውረድ የሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። የኩታበር ዳገት ያሳደገኝ እግር ደሴ ላይ በባጃጅ ሰንፏል፤ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። አንዴ ላፕቶፑን ለማዳን ብዬ ክርኔን ላጥኩ። ሸጋው "ዕቃው ተረፈ?" አለ። ነጋዴ ለነጋዴ እንዲህ ነው የሚተዛዘነው።

እትዬ ጥሩወርቅ ቀጭን ረጅም ሴት ናቸው። ለምን እንደመጣሁ ያውቁ ነበር፤ ሸጋው "ፎቶውን የሚያውቅ ሰው" ብሎ ልኮባቸዋል። ግን አንዳች ሳይጠይቁ መጀመሪያ አበሉኝ። እሳቸው ጿሚ ናቸው፣ እኔ ደግሞ የእሳቸውን እርድ አልበላም። ለዚህ ሲሉ ጎረቤታቸውን ጀማልን ዶሮ አሳርደው፣ በጀማል ሚስት ድስት አሠርተው ጠብቀውኛል። "እኛ ብንጾም እንግዳችን ምን አጠፋ" አሉ። የዙሁር ሰላት ሲደርስ የታጠበ አጎዛ አንጥፈው "ቂብላው በዚያ ነው፣ ጀማል ወደዚያ ነው የሚዞር" ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ደሴ ላይ ለአሥር ዓመት ጎረቤቴ የሆነ ሰው ይህን አድርጎልኝ አያውቅም፤ እኔም ለሱ።

ከዚያ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ስለ ጥላው፣ ስለ አገጩ፣ ስለ ሦስቱ ፊቶች አንድ መሆን ነገርኳቸው። እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። አንዴም አላቋረጡኝም።

ስጨርስ "ግንባሯስ?" አሉ።

ሸጋው አቀረቀረ።

"ግንባሯ ምን ሆነ እትዬ?" አልኩ፣ እንደማያውቅ ሰው።

"መስቀሏ የለም። የመጀመሪያው ፎቶ የመጣ ዕለት ነው ያየሁት። ዓይኔ ቢደክምም የልጄ ግንባር አይጠፋኝም።" ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው። "ፍቃ ጣለችው አልኩ። ሃይማኖቷን ለውጣ፣ እሱን እንዳላውቅባት ነው ድምጿን ያጠፋችው አልኩ። አንተ አይክፋህ ልጄ፤ እስላም መሆኑ አይደለም፣ ከእኔ መደበቋ ነው። ለማን እነግራለሁ? ለነፍስ አባቴ? ለጎረቤት? ሰው ፎቶዋን አሳዪን ሲለኝ እንዲህ አድርጌ ነው የማሳየው።"

አውራ ጣታቸውን አነሡና የላፕቶፑ ማያ ላይ፣ ልክ ግንባሯ ላይ አሳረፉ። ፊቷ ከጣታቸው በታች ፈገግ እንዳለ ነው።

"ይኸው እየሰገድኩ የኖርኩት እሷ እንድትመለስ አይደለም። ክህደቷን ይቅር እንዲላት ነው።"

ሸጋውን አየሁት። እሱ መሬቱን ያያል። ለሱ እሺ ብዬዋለሁ፤ ግን እሺ የተባለው ነገር ሁሉ አይከፈልም።

"እትዬ" አልኩ፣ "መስቀሉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከፎቶው ላይ። ከእሷ ላይ ማንም አልነካውም። ስትሄድ ለወረቀቱ ሲባል ነው የተደረገ። እነዚህንም የሠሩት የእኔኑ ፎቶ ወስደው ነው።"

"እኔ ነኝ ያስጠፋሁት" አለ ሸጋው። "ስሟንም እኔ ነኝ ያስለወጥኩ።"

ተቆጥተው ይነሳሉ ብዬ ነበር። አልተነሡም።

"መስቀሏ አብሯት ነበር?"

"አብሯት ነበር" አልኩ።

"እስከ መጨረሻው?"

ይህን ሸጋው ነው የመለሰው። "እስከ መጨረሻው፣ እቴ።"

እፎይ አሉ። ሰው ሸክም ሲያወርድ እንደሚለው ነው ያሉት፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ሰው ሲናገረው እደነግጣለሁ። ሸጋው አፉን ሊከፍት ሲል እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት።

"የቀረውን አትንገሩኝ። እኔ ገና አልሰማሁም። መርዶ በምሳ ሰዓት፣ በአንድ ነጋዴ አፍ አይነገርም። ልጄ ባለ ወግ ናት። ከነገ ወዲያ በማለዳ ሽማግሌ ይዛችሁ ኑና እንደ ደንቡ አርዱኝ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ለለቅሶው ፎቶ ያስፈልጋል። መስቀሏን መልሰው።"

መስቀል ያለበትን የመጀመሪያውን ፎቶ አላስቀረሁትም ነበር፤ መስቀሉ የጠፋበትን በላዩ ላይ ሴቭ አድርጌበታለሁ። ይህን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና ወንበራቸውን ወደ ላፕቶፑ አስጠጉ። "እንግዲያው ልንገርህ፣ ሥራው።"

ሠራሁ። እሳቸው በጣታቸው ያርሙኛል። "ረዘም አድርገው። እንደሱ አይደለም፤ የግራው ክንድ ያጥራል። ስትነቀስ አሟት ራሷን ወዘወዘችና ተበላሸ። ቀለሙ አይጥቆር፤ የርግብ አንገት አይተህ የለ? እንደዚያ ነው።" የረሳኋትንም ነጥብ ከግንባሯ ላይ አነሳሁ። ሐሰተኛ ፎቶ ላጋልጥ የሄድኩ ሰው ያን ከሰዓት በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ሁሉ የተጣራውን ሠራሁ። ሲያልቅ እትዬ ጥሩወርቅ አዩት፣ አዩት። "እሷ ናት" አሉና ላሞቹን ሊያስገቡ ወጡ። ስንሄድ በሶ በቋጠሮ ሰጡኝ፤ ጎረቤት በደጅ ሲያልፍ "ደህና ዋሉ" ሲላቸው "እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነን" ብለው መለሱ። ገና አልሰሙማ።

አራተኛው ቀን

መካነ ሰላም ፎቶ ቤት ገብቼ አሳተምኩ። የመጀመሪያው መስቀሉን ወይን ጠጅ አደረገው፣ ሁለተኛው ጥቁር። ባለቤቱ "ማን ያስተውለዋል ወንድሜ?" አለኝ። እኔም ደሴ ላይ ለስንት ደንበኛ ያልኩት ቃል ነው። ሦስተኛው ላይ ቀለሙ መጣ። ሸጋው በበኩሉ ወደ ቀበሌው ተመልሶ ከቤት ቤት ዞሮ መርዶ ነጋሪዎቹን ሰበሰበ፤ የእህቱን የነፍስ አባት፣ ሁለት አዛውንት፣ ጀማልንም ጨምሮ። መርዶ በእነሱ ዘንድ ለብቻ አይወሰድም፤ የሚጮኸውን ሰው የሚይዝ እጅ ያስፈልጋል።

አምስተኛው ቀን

ጎህ ሲቀድ ደረስን። ግቢው ተጠርጎ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጉድ ጉድ እያሉ በሩ ላይ አገኙን።

"ምነው በማለዳ? ደህና አይደላችሁም?" አሉ።

ቄሱ "ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን" አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጥሩወርቅ፣ የሰጠ እሱ፣ የነሳም እሱ ነው። ልጅሽ አያልነሽ አርፋለች።"

ያን ጊዜ የጮኹት ጩኸት ከሁለት ቀን በፊት የሰማ ሰው ጩኸት አይደለም። ጀማል ባይዛቸው ከደፉ ላይ ወድቀው ነበር። እኔ ሰውን በፎቶ ሳስመስል የኖርኩ ነኝ፤ ማስመሰልን ከሩቅ አውቀዋለሁ። ይሄ አልነበረም። እንደ ደንቡ እስኪነገራቸው ድረስ በሩን ዘግተው፣ መርዶውን ውጭ አቁመውት ነበር፤ ያን ማለዳ ከፈቱለት። እኔም ሞቷን ያመንኩት ያን ማለዳ ነው።

ረፋዱ ላይ ሰዉ ሜዳውን ሞላው። ሸጋው ፎቶውን ደረቱ ላይ ይዞ ዞረ፣ ሴቶቹ ስሟን እየጠሩ አለቀሱ፤ ሀያት ያላት የለም። አንዲት አሮጊት ፎቶውን አስቁመው ግንባሯን ሳሙ። እትዬ ጥሩወርቅ ከሩቅ አዩኝ።

ሰባተኛው ቀን

መንገዱ ተዘግቷል ስለተባለ ሣልስቱን እዚያው ዋልኩ። በዚያ ቀን ዳታው ተለቀቀ። ኔትወርኩ የሚገኘው ከቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ነው፤ ሸጋው እዚያ ወጥቶ ቆይቶ ሲወርድ መልኩ ተለውጦ ነበር። ስልኩን ሰጠኝ። ደላላው ነው። "እንኳን ለገና በሰላም አደረሳችሁ ብላለች፣ ደህና ነች።" ከሥሩ አራተኛ ፎቶ። ያው ፊት፣ አዲስ ቀሚስ፣ እጇ ላይ የሻይ ትሪ።

ሸጋው መልስ ሊጽፍለት ስድብ እየመረጠ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ከለቅሶው ድንኳን ውስጥ ፊታችንን አይተው መጡና እጃቸውን ዘረጉ። መከልከል አልቻልንም። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ፊቱን አላዩም። ያዩት ከታች ነው።

"ይቺ እጇ የተቃጠለው ልጅ" አሉኝ፣ "የማን ልጅ ናት?"

ወስጄ አጎላሁት። ትሪውን የያዘው ቀኝ እጅ ከአንጓው እስከ ጣቶቹ ድረስ ተላልጧል፤ ቁስሉ ገና እርጥብ ነው። ጥላ ቆጥሬ፣ ቆዳ መርምሬ፣ ፊት በፊት ላይ ደርቤ፣ አንገቱ የሌላ ሰው ነው ብዬ በአፌ ተናግሬ፣ ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ አንድ ቀን አላሰብኩም። የቀደሙትን ሦስቱንም ከፈትኩ። እጅ የሚታየው ወጥ ቤቱ ውስጥ ባለው ብቻ ነው፤ በረንዳው ላይ ባለው የተሰጣው ልብስ ጋርዶታል። እዚያ ላይ እጁ ደህና ነው።

"እናቷ ፎቶ ደርሷት ይሆን?" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። መልስ አልጠበቁም፤ ለቀስተኛ መጥቶ ነበርና ተመለሱ።

በማግስቱ መንገዱ ተከፈተ ተባለና በመጣሁበት ተመለስኩ። ስለ መልሱ ጉዞ የምጽፈው ብዙ የለኝም፤ አቀስታ ላይ ያቺ ሴትዮ ጠርሙሷን ደግማ ሰጠችኝ፣ ሸጋው ደግሞ ፎቶዎቹንና የአጅባሯን ልጅ ይዞ ክስ ሊመሠርት ነው።

ደሴ እንደገባሁ አራተኛውን ፎቶ ከፈትኩና ከአንገት በላይ ቆርጬ ጣልኩት። የቀረውን፣ ቀሚሱንና ትሪውን የያዘውን እጅ፣ በትልቁ አትሜ የሱቄ በር ላይ ለጠፍኩት። ከሥሩ "ይህን እጅ የሚያውቅ ይግባ" ብዬ ጽፌያለሁ። ወደ ባንክ የሚላክላቸውን ሊያወጡ የሚሄዱ እናቶች በዚያ ነው የሚያልፉት። እስካሁን የገባ የለም። ቆመው ያያሉ፣ የእኔ አይደለችም ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ትናንት ግን አንዲት እናት ቆመው ቆመው፣ ጃንጥላቸውን ዘጉና "ሌላኛው፣ ያልተቃጠለው እጇ የሚታይበት የለም?" አሉኝ።